ጀርባው የተቀባ መስታወት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ የተሰነጠቀ ሶላር በፌስታል ጠቅልላ ሱቅ መጣች። ገጠር ላለች እናቷ የገዛችው ነው፤ አውቶቡስ ጣራ ላይ ሲጭኑት ሰነጠቁት። ዝናቡ ጀምሯል፣ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆማ አራገፈችና ሶላሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

"አባባ፣ መስታወቱን ብቻ ይቀይሩልኝ" አለችኝ።

ገልብጬ አየሁት። ከእነዚያ ሰማያዊ ቁርጥራጭ ተደርድሮባቸው ከሚመጡት አይደለም። ወጥ ነው፤ ወፍራም ሻይ የመሰለ ቡናማ። ቡናማውም ከመስታወቱ ጋር አንድ ሆኗል።

"ይሄ አይቀየርም" አልኳት።

"እንዴ፣ መስታወት ቤት አይደል?"

"መስታወት ቤት ነው። ግን ይሄ መስታወት መክደኛ አይደለም። መብራት የሚሰጥሽ ነገር ራሱ መስታወቱ ላይ ነው የተለበጠው። እሱን ካነሳሁት የሚተርፍሽ ፍሬሙ ነው።"

"እስቲ ሌላ ቦታ ልጠይቅ።"

"ጠይቂ። እቀይርልሻለሁ የሚል ካገኘሽ ግን ሌባ ነው።"

ስቃ ወጣች። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ለቁም ሳጥን በር የሚሆን መስታወት እየቆረጥኩ ነበር። እጄ ይሠራል፣ ሐሳቤ ግን ወንድሜ ጀማል ጋ ሄደ። ወጣት ሳለን፣ እሱም እዚሁ ሱቅ ጓሮ፣ መስታወት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አውጥቶ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የምጽፈውም እንደማወራው ነው። የማይመቸው ሰው ይተወው።

ያኔ የሱቁ ባለቤት ሐጂ ሱሩር ነበሩ። ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ ያለው ይሄው ሱቅ ነው፤ አሁን ልጃቸው ፉአድ ይዞታል። ዛሬ መልክ ማያ መስታወት በኮንቴይነር ተጭኖ ከውጭ ይመጣል። ያኔ ሐጂ ራሳቸው ነበሩ የሚያወጡት። ተራውን መስታወት እንከን እስኪያጣ ትፈትገዋለህ፣ በባትሪ ውሃ ታለቀልቀዋለህ፣ በውሃ ልክ በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ ታጋድመዋለህ፣ ከዚያ የብሩን ውሃ ታፈስበታለህ። መጀመሪያ ይጠቁራል፤ ቆይቶ ሲያነሱት ከወዲያ በኩል ፊትህ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። ብሩ ግን እርቃኑን ከተተወ ይላጣል፣ አየር ሲያገኘውም ይጠቁራል። ስለዚህ እንደ ደረቀ ጀርባው ቀይ ቀለም መቀባት አለበት። ሐጂ በዚህ ቀልድ አያውቁም። ሳይቀቡ ትቶ ወደ ቤት መሄድ ለሳቸው ሱቁን ሳይቆልፉ እንደ መሄድ ነበር። ታምመው እንኳ በሌላ ሰው ላይ አይጥሉትም፤ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በቀጥታ መጥተው መደርደሪያውን ያዩ ነበር።

ጀማል በሁለት ዓመት ታናሼ ነው። አባታችን እህል በረንዳ ሲሸከሙ ነው የኖሩት፤ ከቤታችን ኮሌጅ የገባ ጀማል ብቻ ነው። ፊዚክስ ያጠና ነበር። የመጨረሻው ዓመት ላይ አንድ ነገር ሠርተህ አሳይ ተባለ። መስታወት ላይ ስስ ሽፋን ማውጣት ነበረበት፤ ሰሚኮንዳክተር ይለዋል። ምንድነው ብዬ ጠየቅኩት።

"ጨለማ ሲሆን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብርሃን ሲያርፍበት ያሳልፋል" አለኝ።

"እንደ ማብሪያ ማጥፊያ?"

"እንደ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ግን የሚነካው እጅ የለም።"

"ወፍራም ነው?"

"ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው።"

"እሱን ታዲያ ማን ያየዋል?"

"ቀለሙን ታየዋለህ። ቢጫ ነው።"

ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። ሽፋኑ ብርሃንና ጨለማ ከለየለት ኮሌጁ እዚያው ያስቀረዋል፣ ረዳት መምህር ይሆናል። ካልለየ ዲግሪውን ይሰጡትና ዕጣ ወደ ጣለው ክፍለ ሀገር ሄዶ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል። የቀረው ቦታ አንድ ነው፤ ሌላም የሚፈልገው ልጅ አለ። እናታችን ደግሞ በዚያ ዓመት ታማ ተኝታለች። ሐኪሞቹ የነገሩንን ለሷ አልነገርናትም፣ እሷ ግን ታውቅ ነበር መሰለኝ። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ባለችው ክፍላችን፣ ከአልጋዋ ሳትነሳ፣ ጀማል በገባ ቁጥር "እዚሁ ነህ?" ትለዋለች። "እዚሁ ነኝ እማዬ" ይላታል። ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

ፈተናው ሲቃረብ የኮሌጁ ማሞቂያ ተበላሸ። መምህሩም የምትሠራበት ፈልግ አሉት። ጀማል እኔን ጠየቀኝ፣ እኔ ሐጂን ጠየቅኩ።

"ለኮሌጅ የሚቀርብ ነገር ነው?" አሉ ሐጂ።

"አዎ ሐጂ።"

"ከኔ ሱቅ?"

"ከርስዎ ሱቅ።"

ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። "ጓሮውን ውሰዱ። የብሬን ውሃ ግን እንዳትነኩብኝ" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይ ይዞ ለገባ ሁሉ ከጓሮ ኮሌጅ ተከፍቷል እያሉ ያወሩ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጀመርን፤ ፈተናው ሐሙስ ነው። ሰኔ ነው፣ ከንጋት ጀምሮ ያካፋል። የአትክልት ተራ መኪኖች ያመጡት ጭቃ መንገዱን ሞልቶታል፤ የጎመን ቅጠል እየረገጥን ነው የመጣነው። ጥግ ካለው ቤት ፉል በቃሪያ በልተን ገባን። ጀማል ካድሚየም የሚባል ጨው በትንሽ ብልቃጥ ይዟል። ለሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚበቃው፣ ከውጭ ካልመጣ አይገኝም። "መርዝ ነው፣ በእጅህ እንዳትነካው" አለኝ። ሌላ ነጭ ዱቄትና አንድ ጠርሙስ አሞንያም አለው። እኔ መስታወቱን በመቁረጫዬ አልማዝ፣ ጣት በሚያህል ስፋት ቆረጥኩለት፣ እንደ መልክ ማያ አድርጌ ፈትጌ አጠብኩለት።

መጀመሪያ ላይ የላምባ ምድጃው አታለለን። ጨውና ዱቄቱን በውሃ የበጠበጥንበትን ዕቃ በቀጥታ ከእሳቱ ላይ ጣድነው፣ እሳቱም ቶሎ ያዘ። መስታወቱ ውስጡ ቆሟል፤ ፈሳሹ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ቆየና በአንዴ ቢጫ ሆኖ ደፈረሰ፣ አይብ ሲቋጠር እንደሚያደርገው።

"ወጣልህ" አልኩት።

"አልወጣም። ፈረሰ" አለ ጀማል።

መስታወቱን አወጣው። ለኔ ዓይን ቆንጆ ነው፤ ወፍራም፣ ደማቅ ቢጫ። በጣቱ ጠረግ ሲያደርገው እንደ እርድ ዱቄት ተከትሎት መጣ። ኤሌክትሪክ ሠሪዎች የሚይዙትን ባለ መርፌ ቴስተር ከኮሌጅ ተውሶ ነበር፤ ለካው። በጨለማም በብርሃንም መርፌዋ ያው ናት፣ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና ተኛች።

"ዕቃው ያው፣ ጨው ያው፣ ታዲያ ምን ሆነ?" አልኩት።

"ሙቀቱ። እህል በረንዳ ጭነት ሲወርድ አይተህ የለ? ተሸካሚው አንድ አንድ እያለ ከገባ ጆንያው ግድግዳውን ተጠግቶ ይደረደራል። ሁሉም ባንዴ ከተጋፋ በሩ ላይ ይከመራል፣ ግማሹም ይፈሳል። ይሄም እንደዚያ ነው። ተጣድፎ መጥቶ ተከመረ። የተከመረ ደግሞ እርስ በርሱ አይነካካም፣ ኤሌክትሪኩ መሄጃ የለውም።"

ያንን መስታወት ጥግ ላይ ወረወረው። የቀረው ጨው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው።

ሁለተኛውን ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተን፣ ዕቃውን ውሃው ውስጥ አስቀምጠን ሠራነው። እሳቱን ዝቅ አደረግን። አሞንያውንም ጨመረ፤ አሞንያው ጨውን ይዞ ቀስ አድርጎ ነው የሚለቀው አለኝ። ሽታው ግን ዓይን ያወጣል። አንዳችን በመስታወት ዘንግ ቀስ እያልን ስናማስል ሌላችን ወደ ጓሮ በር ወጥተን ዝናቡ ውስጥ እንተነፍሳለን። ረጅም ሰዓት ምንም የለም። ፈሳሹ ውሃ ነው፣ መስታወቱም መስታወት ነው።

"ሞቷል ይሄ። እሳት ጨምርበት" አልኩት።

"አትንካው።"

"እኔ ስንት ዓመት መስታወት ላይ ነው የኖርኩት? ብርድ ላይ ምንም ነገር አይዝም።"

"ይሄ ብር አይደለም፣ ከድር።"

"ብር ባይሆንስ? መስታወት መስታወት ነው።"

"አንተ አማስል" አለኝ፤ ተነስቶም ምድጃውና እኔ መሀል ቁጭ አለ። እኔ ግትር ነኝ፣ እሱ ደግሞ ያውቀኛል።

የቀትሩ የዙህር አዛን አለፈ። ከዚያ በኋላ ነው፣ መቼ እንደጀመረ ሳናየው፣ መስታወቱ የተነጠረ ቅቤ የመሰለ ቀለም የያዘው። ጀማል አውጥቶ አጠበው። በወዲያ በኩል ጣቶቹ ይታያሉ፤ ጥርት ያለ ነው። በጣቱ አሸው፤ ምንም አልተነሳም። ከኮሌጅ ባመጣው የብር ቅባት ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት መስመር አሰመረና ቴስተሩን አገናኘው።

ኮፍያዬን አውልቄ ከደንኩበት። መርፌዋ ተኝታለች። ኮፍያውን አነሳሁ። ቀኑ ዳመና ነው፣ ከጓሮ በር የምትገባው ብርሃን ይቺው ናት፤ መርፌዋ ግን ተነሳች። ከደንኩ፣ ወረደች። አነሳሁ፣ ወጣች። ጀማል አልጮኸም፣ አልዘለለም። ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረውን ሳቅ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አላየሁትም። ከዚያ ቀን ደስታ የማስታውሰው ይቺን ብቻ ነው።

መስታወቱ እስኪደርቅ ማረፍ ነበረበት። ክፍላችን ያፈሳል፣ ሰዉም ብዙ ነው። ስለዚህ ከሱቁ መደርደሪያ የተሻለ ንጹሕ ቦታ የለም ተባብለን እዚያው፣ ከሐጂ መልክ ማያዎች አጠገብ አቆምነው። ሐጂ ያን ቀን ከሰዓት ለቅሶ ሄደው ስለነበር ሳናገኛቸው ቆልፈን ወጣን።

ሐሙስ ጠዋት ስንደርስ ሱቁ ተከፍቷል። ሐጂ ብሩሻቸውን በላምባ እያጠቡ ነው። የጀማል መስታወት መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ቀይ ሆኗል። ቢጫው ያለበት ወገን በሙሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀለም ተቀብቷል። ዳር ዳሩ በምላጭ ተስተካክሏል።

"ትናንት ረስታችሁት ሄዳችሁ" አሉን ሐጂ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ደስ ብሏቸዋል። "ለኮሌጅ የሚሄድ ዕቃ ጀርባው ባዶ? ነገ ይሄ ከማን ሱቅ ወጣ ሲባል ሐጂ ሱሩር ሊባል ነው እኮ። ለሆቴሎቹ ከማስቀምጠው ቀለም ነው የቀባሁት። ሁለት እጅ፣ ደርቤ። አንተ ከድር፣ ይህን ያህል ጊዜ አስተምሬህ እንዲህ ትተኸው ትሄዳለህ?"

አፌን ከፈትኩ። ጀማል እጅጌዬን ያዘኝ።

"ጀዛከላህ ሐጂ" አለ። "አስቸገርንዎት።"

"ምን ችግር አለው። ሂድ፣ አላህ ያቅናልህ።"

ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳማቸው። ከዚያ ቀዩን መስታወት በጨርቅ ጠቅልሎ ያዘ። ጥግ ላይ የወረወረውንም፣ ያንን ዱቄት የሆነውን አነሳ፤ እሱን ሐጂ ቆሻሻ መስሏቸው አልነኩትም።

ወደ ጓሮ ወጣን። የውሃው ቧንቧ አጠገብ ጨርቅ በላምባ ነክሬ አንዱን ጥግ ጠረግ አደረግሁ። ቀዩ ለቀቀ። ጨርቁን ስንገልጠው ቀዩ አጠገብ ቢጫው አለ፣ የብሩ መስመርም አለ። የተጠረገው ጥግ ላይ ምንም አልቀረም፤ ባዶ የመስኮት መስታወት ነው።

"ተወው" አለ ጀማል።

"በጨው እንደገና—"

"የለም። አልቋል።"

ምን እንደተሰማኝ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር የምነግረው አልነበረኝም። ረሃብ ይሰማኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ፉል ቤት ገባን፤ እሱ አልበላም፣ እኔ የሱንም በላሁት። ዝናቡ ቆሞ ነበር። ከአንዱ ሱቅ የቅመም ጆንያ ያወጣሉ፣ ሚጥሚጣው ያስነጥሳል፤ ሰው እያስነጠሰ ይሳሳቃል። እኔ ግን የሰው ድምፅ ከግድግዳ ወዲያ ያለ ያህል ነበር የሚሰማኝ።

እስከ ኮሌጁ በር ሸኘሁትና አጥሩ ሥር ጠበቅሁት። ብዙ አልቆየም።

"መምህሩ ምን አሉህ?"

"ዱቄት የሆነውን ለኩት። መርፌዋ አልተነሳችም። ቀዩን 'ይሄ ምንድነው?' አሉኝ። ቀለም ነው አልኳቸው።"

"እንዴት እንደሆነ አልነገርካቸውም?"

"ነገርኳቸው። አመኑኝም መሰለኝ። 'የሚለካ ነገር ከሌለ ግን ምን ብዬ ልጻፍ' አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ምን ብለው ይጻፉ?"

ቦታውን ሌላው ልጅ አገኘው። ጀማልን ዕጣው ሩቅ አገር፣ መቱ ከተማ ጣለው። ያን ቀን ቤት ስንገባ እናታችን እንደ ሁልጊዜው "እዚሁ ነህ?" አለችው።

"እዚሁ ነኝ እማዬ፣ እስከ መስከረም" አላት። እሷም "መስከረም ሩቅ ነው" አለችና ዓይኗን ጨፈነች። መስከረም ሩቅ አልነበረም።

የሄደ ቀን እኔ ነኝ ሻንጣውን አውቶቡስ ተራ ያደረስኩለት። እናታችን ኅዳር ላይ ዐረፈች። እንደ ሃይማኖታችን ቀብር አያድርም፤ ጠዋት ዐረፈች፣ ከሰዓት ቀበርናት። ከመቱ ያኔ መንገዱ ረጅም ነው። ቴሌግራሙ ደርሶት እሱ ሲመጣ አፈሩ ደርቆ ነበር። መቃብሩን አሳየሁት። ቆሞ ዱዓ አደረገና ስንመለስ መንገድ ላይ፣

"ሐጂ መጡ?" አለኝ።

"መጡ። ከፊት ሆነው ነው የተሸከሟት።"

"አልነገርካቸውም?"

"አልነገርኳቸውም።"

"እንዳትነግራቸው።"

አልነገርኳቸውም። ሐጂ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። አንድ የተማረ ሰው መስታወት ሊገዛ ሲገባ፣ ሻይ ያዙለትና እንዲህ ይሉት ነበር፦ "የዚህ የከድር ወንድም መምህር ነው። ፊዚክስ ነው የሚያስተምረው። የመመረቂያውን ዕቃ እዚህ ጓሮ ነው የሠራው። ጀርባውን የቀባሁለት እኔ ነኝ፣ በነዚህ እጆቼ። ወላሂ፣ ባልደርስለት ኖሮ ባዶውን ይዞት ሊሄድ ነበር።" እኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ እቆርጣለሁ። አልማዙ ይሄዳል፣ መስታወቱ ቀጥ ብሎ ይከፈላል። አንድም ቀን አላጣመምኩም። ሰው ሲናደድ እጁ ይስታል ይባላል፤ የኔ አልሳተም። የተናደድኩ መስሎኝ ስጠብቅ ንዴቱ አይመጣም። ሐጂም እንደ ኮሩ ዐረፉ።

ጀማል ጡረታ ወጥቶ አዲስ አበባ ገብቷል። መቱ ነው ያገባው፣ ልጆቹንም እዚያ ነው ያሳደገው። አሁን ጥርሱ ተነቅሏል፣ ቀልድ ግን ያውቃል። ባለፈው ኢድ ፉአድ ቤት ተጠርተን ሄድን። ሰው ሞልቷል፤ የተቀቀለ ሥጋው ቀርቧል፣ ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰው ይሯሯጣሉ። ፉአድ ለእንግዶቹ የአባቱን ወሬ ጀመረ፤ ከአባቱ የሰማውን ቃል በቃል ይለዋል። የፈተናው ዕቃ፣ ጓሮው፣ ቀለሙ፣ ሁሉም። ጀማል አጠገቤ ነው። ሳህኔን ብቻ ነበር የማየው።

የፉአድ ትንሿ ልጅ ጀማል ጉልበት ላይ ተደግፋ፣

"አባባ ጀማል፣ አያቴ የቀቡት ቆንጆ ነበር?" አለችው።

"በጣም ቆንጆ ነበር" አላት። "ሁለት እጅ ነው የቀቡልኝ። ዳሩን ደግሞ በምላጭ።"

ሰዉ ሐጂን፣ አላህ ይዘንላቸው ብሎ ረሕመት አላቸው። እኛም አልናቸው።

ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ጠየቅሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ጠይቄው አላውቅም ነበር።

"አንተ፣ ያኔ ብነግራቸው ምን ነበረበት? ይወቁት እንጂ።"

"አውቀው ምን ያደርጋሉ? ያንን መልሰው አይሠሩልኝ። ከዚያ በኋላ የሰው መስታወት ሊቀቡ ብሩሽ ባነሱ ቁጥር እጃቸው ሊያመነታ ነው፣ ሌላ ምን አለው?"

እናቴን አሰብኩ። የሱን ነገር ልክ ነው ልል ስል እሷ ትመጣብኛለች፣ ልክ አይደለም ልል ስል ሐጂ ከቃሬዛዋ ፊት ሆነው ይታዩኛል። እንዲህ ሲሆንብኝ ምንም አይሰማኝም፤ ድሮም አልተሰማኝም፣ አሁን በእርጅናዬ ይሰማኛል ብዬ አልጠብቅም።

ታክሲው መጣ። ጀማል ጉልበቱን ስለሚያመው ክንዱን ይዤ አሳፈርኩት፣ እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ። እስኪወርድ ድረስ ክንዱን አለመልቀቄን ያወቅሁት እሱ "ልውረድ እንጂ፣ ልቀቀኝ" ሲለኝ ነው።